የጎመን ምንቸት ለምን ይውጣ?

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል አንድ የቆየ ፍርድ ይነበባል። ‹‹የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!›› ይባላል። ክረምቱን ሙሉ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ልጆቹን ይዞ ነሐሴን ያሻገረው ጎመን እሸት ብቅ ሲል እንደ ዕዳ ከቤት ይባረራል። ‹‹እግዜር ይስጥልን›› የለ፣ ‹‹ደህና ሰንብት›› የለ፤ ‹‹ውጣ!›› ብቻ። እስቲ አሁን ይሄ ጎመን ምን አጠፋ?

ነገሩ የመስከረም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልተነጋገርንበት። ግን አይደለም። ‹‹ጎመን በጤና›› ስንል እንኳ ጎመንን እያመሰገንን እንዳይመስላችሁ፤ ራሳችንን እያጽናናን ነው። ጮማው ቢቀር ጤናውን አይንሳን ማለታችን ነው። ጎመን በእኛ ዘንድ ሰው ሌላ ሲያጣ የሚበላው ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ ከትሪው ጥግ ይገፋል። ሰርግ ላይ ለጿሚ ተብሎ ይቀመጣል። ሰው መስደብ ሲያምረን ደግሞ ‹‹ቅጠል በላ›› እንላለን። ስድቡ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከመሀል ወደ ዳር ሲወረወር የኖረ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ምንቸቶቹ ሁለት መሆናቸው ራሱ ስህተት ነው። ጎመኑና ገንፎው፣ ቅጠሉና እህሉ፣ አንድ ድስት መግባት፣ ቢያንስ አንድ ማዕድ ላይ መገናኘት አለባቸው። ይህንን ደግሞ ‹‹አመጋገብ እናስተምራቸው›› እያልን የምንሄድባቸው ሰዎች ከእኛ ቀድመው አውቀውታል።

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚወርደውን መንገደኛ አስቡት። ባለሙያ ነው፣ የስብሰባ ተካፋይ ነው፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የቆላ ሙቀት ፊቱን ይለበልበዋል። ኮቱን ያወልቃል። ልማዱን ግን አያወልቅም። ከተማ ገብቶ ሆቴል እንደያዘ የሚጠይቃት ጥያቄ የታወቀች ናት፤ ‹‹የጤፍ እንጀራ አለ?›› ጤፍ እንደሆነች ደጋና ወይናደጋ የምትወድ እህል ናት፤ ባሮን የምታየው በጭነት መኪና ተጭና ነው። ከአዲስ አበባ ከተነሣች መንገዷ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከእንጀራው ጋር ሽሮ፣ ካልሆነም ጥብስ፣ ካልሆነም ፓስታ። ዕድል ከቀናው የባሮ ዓሣ። ሦስት ቀን ተሰብስቦ፣ ስለ ‹‹አካባቢው ኅብረተሰብ የአመጋገብ ሁኔታ›› ተወያይቶ፣ የኅብረተሰቡን እራት አንድ ቀን እንኳ ሳይቀምስ ተመልሶ ይሳፈራል። ምን ያድርግ፣ ‹‹የጎመን ምንቸት ውጣ››ን ከሻንጣው ጋር ይዟት ነው የመጣው!

ኧረ ለመሆኑ የአካባቢው እራት ምንድን ነው? በባሮ፣ በአልዌሮና በጊሎ ዳርቻ የሚኖረው አኙዋ ማሽላና በቆሎ ያመርታል፣ ዓሣ ያጠምዳል። ኑዌሩ ከብት ያረባል፣ ወተቱን ከማሽላና ከበቆሎ ጋር ይበላል። ማጃንጉ በጫካው ውስጥ በቆሎና ሥራሥር ይተክላል፣ ማር ይቆርጣል። ኦፖና ኮሞም አሉ። ዓሣና ወተት በሌለ ቀን የእህሉ ባልደረባ ቅጠል ነው። ከእነዚህ አንዷ ከጋምቤላ ማዶ እስከ ጁባ ‹‹ኩድራ›› የምትባለው፣ ግብፆች ‹‹ሙሉኪያ›› የሚሏት ለስላሳ ቅጠል ናት። የዱባ ቅጠል አለ፣ እኛ እንደ አረም ነቅለን የምንጥለው አሉማ አለ። በነጭ ናይል አካባቢ ባሉ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ የቅጠሉን ወጥ በተፈጨ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ ማወፈር የታወቀ ነው። ቅጠሉ በአንድ በኩል ቶሎ ይበስላል፣ በሌላ በኩል ገንፎው ይገነፋል፤ እራት ደረሰ። ቁሌት የለ፣ ሊጥ ማቡካት የለ፣ ምጣድ ማሰስ የለ።

‹‹ታዲያ ይሄ የድኃ ምግብ አይደለም ወይ?›› ለሚል ቁጥር ልጥቀስለት። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረዋል፤ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። የአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር፣ ከሁሉም የከፋው። ጋምቤላስ? 24 በመቶ ገደማ። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ዝቅተኛው! ጤፍ አምራቹ፣ ማኛ ቀማሹ ልጅ ሲቀነጭር ‹‹ቅጠል በላ›› የተባለው ልጅ ቁመቱን አስመዝግቧል።

ይህ የቅጠል ተአምር ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ዓሣው አለ፣ ወተቱ አለ፣ ሌላም ምክንያት ይኖራል። በዚያው ጥናት ለቁመቱ የሚመጥን ክብደት የሌለው የከሳ ሕፃን በጋምቤላ 14 በመቶ ያህል ነበር፤ ከአገር አቀፉ 10 በመቶ ይበልጣል። ወባውም ደም ይመጣል። ጋምቤላ የጥጋብ አገር ናት ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ በዚህ ቁጥር ፊት ቆሞ የቆለኛውን ድስት የሚንቅ ደገኛ መጀመሪያ የራሱን ድስት ከፍቶ ይይ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን የሰየመው በሰቆጣ ነው። የጎመን ምንቸት በሚባረርበት በሰሜኑ አገር ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልዝጋ። ‹‹ድኃው ቅጠሉን ይብላ›› ብሎ ሥጋውን ለራሱ የሚያስቀር ተከራካሪ አለ፤ ከእሱ ጋር እንዳትደምሩኝ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በጋምቤላ መጠለያዎች ለሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሚሰጠው የምግብ እርዳታ ሲቋረጥና እስከ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ሲቆይ፣ ለዚያ ሰው ‹‹ቅጠል ጤና ነው›› ማለት ነውር ነው። የተራበ ሰው እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ዘይቱ ይድረሰው። ሕፃን ልጅ ዕንቁላልና ወተት ይሻል። እኔ የምሟገተው ምርጫ ካለን ከእኛ ጋር ነው። ዘይቱም ሽንኩርቱም ቤታችን እያለ፣ ጎመንን ‹‹ውጣ›› ከምንለው ከእኛ ጋር።

ንቀቱ ደግሞ በሜኑ አያበቃም፤ ወረቀት ላይም ይወጣል። በዱር የሚለቀሙ ቅጠሎች በባለሙያ ዘገባ ሲጠቀሱ ብዙ ጊዜ ‹‹የረሃብ ጊዜ ምግብ›› በሚል ስም ነው። ለሚለቅማት እናት የዘወትር ወጥ የሆነው ነገር ለጸሐፊው የመከራ ምልክት ይሆናል። በምርት ስታትስቲክስ ውስጥ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ የሌለ ነው፤ የበቀለበት መሬትም ‹‹ባዶ መሬት›› ይባላል። በጋምቤላ ካሩቱሪ ለተባለው የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ሲሰጥ ‹‹ሰፊ ያልታረሰ መሬት አለን›› ነበር ጨዋታው። ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተቋረጠ። ዛፉ ከተመነጠረ በኋላ ግን ቅጠሉን ማን ይመልሰዋል?

የሚገርመው፣ የናቅነውን ቅጠል ሌላ ሰው አሽጎ ሲያመጣልን እንሻማበታለን። ኮንሶዎችና ጎረቤቶቻቸው ሽፈራውን በማሳቸው መሀል ተክለው፣ ቅጠሉን ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ሊጥ ድብልብል ጋር በአንድ ድስት ቀቅለው ሲበሉ ኖረዋል። ኩርኩፋ ይባላል፤ እህልና ቅጠል በአንድ ምንቸት! ያንን ስንሰማ ‹‹ውይ፣ ዛፍ ይበላሉ?›› ያልን ሰዎች፣ ዛሬ የሽፈራውን ዱቄት ‹‹ሞሪንጋ›› ተብሎ በፓኬት ሲመጣ ከሱፐር ማርኬት ገዝተን በማንኪያ እየለካን እንጠጣለን። ቅጠሉ ያው ነው። የተለወጠው ስሙና ማሸጊያው ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። የሐበሻ ጎመን ሲያጡ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች ይዘውት የመጡትን ‹‹ኮላርድ›› የተባለ ጎመን ከትፈው ይሠራሉ። እዚያው ሰፈር በሚገኝ ዘመናዊ ምግብ ቤት ‹‹ኬል››ና ‹‹ኪንዋ›› በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀርቦ ደህና ዶላር ያስከፍላል። ጎመንና እህል ማለት ነው እኮ! የእኛው የሐበሻ ጎመን ደግሞ በሳይንሱ ዓለም ‹‹የኢትዮጵያ ሰናፍጭ›› በመባል ይታወቃል። ዓለም በስማችን የጠራውን ተክል እኛ ከቤት እናስወጣዋለን።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። ከሥራ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የምትገባውን ሴት አስቡ። ሽንኩርት ልትልጥ፣ ልትከትፍ፣ ልታቁላላ፣ በርበሬውን ልታሽ፣ ውሃ ጠብ እያደረገች ልትጠብቅ ነው። ከሰሉ ይነዳል፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ ዘይቱ ይንቆረቆራል። ሰውዬው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ‹‹ደረሰ?›› ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀርበው ወጥ ባህላችን ነው፣ እሺ። ግን በየምሽቱ የሚከፈለው ሰዓት የማን ነው?

ጎመኑንም ስንሠራው እንቀጣዋለን። ለብቻው አንድ ሰዓት ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ አረንጓዴውን ውሃ እንደፋዋለን። በሙቀትና በውሃ የሚሸሹት ፎሌትና ቫይታሚን ሲ የሚሄዱት በዚያ ፍሳሽ ነው። የሚቀርልን ገለባው ይሆናል፤ ከዚያ ‹‹ጎመን ምን ጣዕም አለው!›› ብለን እንፈርዳለን።

እስቲ በሌላ መንገድ ሞክሩት። ቅንጬ ሁላችንም ቤት አለ፤ በጠዋት በቅቤ እንበላዋለን። ማታ ማን ከለከለው? የስንዴው ከሌለ የተከካ ማሽላ ወይም በቆሎ ይሆናል፤ እነሱ ግን በቀን ቢዘፈዘፉ ይሻላል። ለ4 ሰው 2 ብርጭቆ ቅንጬ በቂ ነው። 3 ወይም 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና 2 ቃሪያ በትንሽ ዘይት አንድ ደቂቃ ጠበስ አድርጉ። 5 ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። ሲፈላ ቅንጬውን። 15 ደቂቃ ያህል ከበሰለ በኋላ ታጥቦ በስሱ የተከተፈ አንድ ትልቅ እስር ጎመን ላዩ ላይ አድርጉና ክደኑት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። አዮዲን ያለበትን ጨው መጨረሻ ላይ፣ ሎሚውን ደግሞ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ። የተፈጨ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ ጣል ብታደርጉበት ለጿሚም ለልጅም ምግብ ሆነ። በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ድስት፣ ውሃው ሳይደፋ።

ዘይቱም ሎሚውም ለጌጥ አይደሉም። የቅጠልን ቫይታሚን ኤ ሰውነት ለመውሰድ ጥቂት ቅባት ይፈልጋል። የቅጠል ብረት በቀላሉ ወደ ደም የማይገባ ስለሆነ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። ሻይና ቡና ደግሞ ይይዙታል፤ ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ይቆዩ። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካላቸው ልጆች 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። የማንን ልጅ እንደሚመለከት መቼም ግልጽ ነው።

‹‹ሆድ አይሞላም›› የሚል ይኖራል። ቅንጬ ያልሞላው ሆድ ምን ይሞላዋል? ‹‹ጾም ይመስላል›› የሚልም አለ። ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል፤ ያን ሁሉ ቀን በሽሮ ብቻ ከምንገፋው አንድ ጥሩ የጾም እራት ብንጨምር ማን ይቆጣናል? ‹‹ባህላችን አይደለም›› ላለ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ኮንሶና ጋምቤላ ኢትዮጵያ ናቸው። የእነሱ ባህል የማን ሊሆን ነው?

እንግዲህ የምጠይቀው ይኸው ነው። የጋምቤላ ሆቴሎች የአካባቢውን ቅጠልና የማሽላ ገንፎ ሜኑ ላይ፣ በስሙ፣ በዋጋው ያስፍሩት። ከአውሮፕላን የሚወርደው ባለሙያ ከስብሰባው በፊት አንዲት እራት ይብላ፤ አበሉ ይበቃዋል። የትምህርት ቤት ምገባ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቅንጬውን ሲያበስሉ ጎመኑን እዚያው ይጨምሩበት። ሰውዬውም ቴሌቪዥኑን ትቶ ጎመኑን ይክተፍ፤ መክተፊያና ቢላዋ አይነክሱም።

የሚመጣው መስከረም ላይ ‹‹ግባ››ውን እንደለመድነው እንበለው። ‹‹ውጣ›› የምትለዋን ግን እንተዋት። ገንፎው ብቻውን ገብቶ ያደረገልንን አይተነዋል፤ በመቶ ተሰልቶ፣ በክልል ተዘርዝሮ።