ከባድ የቤት ዕቃ ወደ ቤት ስለ ማስገባት

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው የከሚሴ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የጨፋና የቦርከና አገር ሙቀቱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ በባለጸጎች ቤት ብቻ ይታይ የነበረው ፍሪጅ ዛሬ መካከለኛው ሰው ሁሉ የሚመኘው ዕቃ ሆኗል። ቁም ሣጥኑም ብፌውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ዕቃው ከደብረ ብርሃን ደጋ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ያን ሁሉ መንገድ በደኅና ከመጣ በኋላ፣ ከመኪናው እስከ ጓዳው ባለችው በመጨረሻዪቱ መቶ ክንድ ላይ ጠብና ጉዳት የሚያገኘው ስለ ምንድር ነው?

ምክንያቱ ዋጋው አስቀድሞ አለመቈረጡ ነው። መኪናው ሲቆም ጫኝና አውራጆች ይከቡታል፤ ባለቤቱ ከወንድሞቹና ከጎረቤቶቹ ጋራ አወርዳለሁ ቢል እንኳ ክፈል የሚባልበት ጊዜ አለ። ይህ በከሚሴ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሕዝቡ ብዙ ጊዜ ያማረረበት ነገር ነው። በቅሬውና በደቦው ተረዳድቶ በሚኖር በወሎ ሕዝብ ዘንድ ግን ጎረቤት ለጎረቤቱ ዕቃ በማንሣቱ ዋጋ መጠየቁ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠውን ዕቃ ያስረክብ ዘንድ ያዛል፤ ነገር ግን የማስረከቢያው ቦታ በውል ካልተወሰነ ሻጩ በንግድ ቤቱ ማስረከብ ይበቃዋል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ «እስከ ቤት ድረስ» የሚል ቃል ያላስጻፈ ገዥ፣ መስተዋቱ ቢሰበር ወይም በሩ ቢጠብ የሚከሰው ሰው ማግኘት ይቸግረዋል። (አልጋውን በክንድ ለክቶ ገዝቶ የራሱን በር መለካት የረሳ ሰውም አይታጣም።)

ይሁን እንጂ በደሉ ሁሉ በተሸካሚው ላይ የሚጫን አይደለም። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው ባለ ግመሉ እንዴት እንደሚጭን ያያል፤ ግመሉን አንበርክኮ፣ ግራና ቀኙን አመዛዝኖ፣ ገመዱን ደጋግሞ ፈትኖ ነው የሚያስነሣው። ለሰው ግን ይህን ያህል የሚጠነቀቅለት አልተገኘም። በሰኔ 1959 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት በጄኔቭ ባወጣው ምክር የአንድ ጎልማሳ ወንድ ሸክም ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ አሳስቧል። በእኛ አገር ግን መቶ ኪሎውን ኩንታል አንድ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው፤ ትልቁን ፍሪጅም ሁለት ሰዎች ብቻ በደረጃ ያወጡታል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ ካሣ ቢወስንም፣ ቀጣሪ የሌለው የቀን ተሸካሚ ወገቡ በተሰበረ ጊዜ ካሣውን ከማን ይጠይቃል? በኦሪት ከሸክሙ በታች የወደቀውን የጠላት አህያ እንኳ ማንሣት መታዘዙን ካህናቱ ያውቁታል።

ያልተማረ ችኮላ ዕቃውንም ያጠፋል። ፍሪጅ በጎኑ ተጋድሞ የመጣ እንደ ሆነ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈሳል፤ ቀጥ ብሎ ለብዙ ሰዓት ሳያርፍ መብራት ቢሰጠው ሞተሩ ሊበላሽ ይችላል። ይህን የሚነግረው ሰው ያጣ ገዥ የብዙ ወር ቁጠባውን በአንድ ቀን ያጣል፤ ጥፋቱንም ለሻጩ ወይም ለመብራቱ ይሰጣል።

እንግዲህ ሹማምንቱ ሊያደርጉት የሚገባው ከባድ አይደለም። የማውረጃው ዋጋ እንደ ዕቃው ክብደትና እንደ ቤቱ ርቀት ተቈርጦ በመናኸሪያውና በገበያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ባለቤቱ ራሱ ወይም የመረጠው ሰው ያወረደ እንደ ሆነ ማንም ክፍያ እንዳይጠይቅ በዚያው ሰሌዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ይገለጽ። ማኅበር የቆመላቸው ተሸካሚዎችም ከሚያገኙት ገንዘብ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ ባለ ሁለት ጎማ የዕቃ ጋሪና ጠንካራ መታጠቂያ ይግዙ፤ ለተጎዳውም መታከሚያ የሚሆን ሣጥን ይኑራቸው። ነጋዴውም ዕቃውን የት ድረስ እንደሚያደርስና የሰበረው ማን እንደሚከፍል በደረሰኙ ላይ ሳይጽፍ ገንዘቡን አይቀበል።