«የግሪክ ወርቅ ነው» ለሚባልላችሁ ሁሉ
ማሳሰቢያ ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮችና አስጎብኚዎች

አንድ ሰው ከጨርቅ ቋጠሮ ትንሽ ክብ ብረት አውጥቶ «የግሪክ ወርቅ ነው፤ ፊደሉን እየው» ቢላችሁ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሰውየው አጭበርባሪ ከሆነ ገንዘባችሁ ይሄዳል። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የአገር ቅርስ በድብቅ ገዛችሁ ማለት ነውና ጣጣው ከዚያ ይብሳል።

ከፊደሉ እንጀምር። የግሪክ ፊደል ያለበት ሳንቲም ሁሉ ከግሪክ አገር የመጣ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ከነበረው ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ሲያሠሩ ኖረዋል። ወርቁ በአዱሊስ ወደብ በኩል ለሚደረገው የውጭ ንግድ ስለነበር ጽሑፉ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ግሪክኛ ነው። በአገር ውስጥ በሚዞረው በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዙ እየበረታ ሄደ። በደብረ ዳሞ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገኙት ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የተቀረጸውም የግሪክ ፊደል ነው፤ ያሠሯቸው ግን ሰሜን ሕንድን ጭምር ይገዙ የነበሩ የኩሻን ነገሥታት ናቸው። ስለዚህ «የፈረንጅ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ለአንጥረኛ ሰጥቶ ማቅለጥም፣ «የግሪክ ነው፣ ዋጋው ሰማይ ነው» ብሎ መጓጓትም ሁለቱም ስህተት ነው።

የሰሜን ተራሮች ስም ራሱ ጥንት በግሪክኛ ተጽፏል። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ፣ በረዶው እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ ተራራ ላይ ከሰሜን ሰዎች ጋር መዋጋቱን ይናገራል። ኮስማስ በበኩሉ የአክሱም ንጉሥ ግዞተኞችን የሚልከው ወደዚሁ አገር እንደሆነ ጽፏል። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ አንደበተ ርቱዕ ደላላ ይህችኑ ታሪክ ይዞ ይመጣና ለብረቱ ምስክር ያደርጋታል። ታሪኩ እውነት ስለሆነ ብረቱ እውነት አይሆንም።

ጎንደርን ከአክሱም የሚያገናኘው መንገድ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ይሄዳል። አክሱም አካባቢ ዝናብ ባጠበው እርሻ ላይ ገበሬና ልጆች አሮጌ ሳንቲም ማንሳታቸው የቆየ ነገር ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚመጣ የውጭ አገር እንግዳም ደባርቅን ሳይረግጥ አያልፍም። ሻጭ የሚመኘው መንገድና የሚመኘው ገዢ እዚህ ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ብረቱ። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ትንሽ ነው። የኢንዱቢስ 2.7 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከንጉሥ ዒዛና ዘመን ወዲህ ያሉት 2 ግራም እንኳ አይሞሉም። ስፋታቸው የድሮዋን አንድ ሳንቲም ቢያህል ነው። መዳፍ የሚሞላ፣ ከበድ የሚል «የአክሱም ወርቅ» ቢያሳዩአችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሐሰት ነው። ዓመተ ምሕረት የተጻፈበትም እንዲሁ፣ የአክሱም ገንዘብ ላይ ዓመት አይጻፍም። በወርቁ ላይ የተለመደው በሁለት የስንዴ ዛላ መካከል ያለ የንጉሥ ራስ ነው፤ ከላይ በኩል መጀመሪያ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፣ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል መስቀል ተተካበት። የፊደል ግድፈት ግን ፈራጅ አይሁን፤ በኋለኞቹ ዘመናት ቀራጮቹ ግሪክኛውን እየረሱት ስለሄዱ እውነተኛው ሳንቲም ራሱ በግድፈት የተሞላ ነው። ደግሞም ይህን ሁሉ አስመሳዩም ከመጽሐፍ ላይ አይቶ ያውቀዋል። እነዚህ ምልክቶች ሐሰቱን ይጥሉላችኋል እንጂ እውነተኛውን አያረጋግጡላችሁም። ማረጋገጥ የባለሙያ ሥራ ነው።

የማጭበርበሩ ስልት ብዙም አይለያይም። አንዱ የገጠር ሰው መስሎ «መሠረት ስቆፍር ማድጋ ሙሉ አገኘሁ፣ ለመንግሥት ብናገር ይወስዱብኛል» ይላል። ሌላው በአጋጣሚ የደረሰ ገዢ ይመስልና ዋጋ ይጨምራል። ለናሙና የሚሰጣችሁ ፍንካች እውነተኛ ወርቅ ነው፤ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስፈትኑት ይላችኋል፣ ታስፈትናላችሁ፣ ወርቅ ነው ትባላላችሁ። በማግስቱ የምትረከቡት ነሐስ ነው። «እኔ አልሸወድም» የሚል ካለ በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ፤ በወርቅ የተለበጠ ብረት የብሔራዊ ባንክ ካዝና ድረስ ገብቶ፣ ደቡብ አፍሪካ ከተላከ በኋላ ነው ሐሰትነቱ የታወቀው። ሐሰተኛ ወርቅን «ባሌስትራ» የማለት ቀልድ የቀረው ከዚያ ነው።

ጠገራ ብር ሌላ ጉዳይ ነው፤ በየቤቱ ስላለም ረዘም አድርጌ ልናገር። ጠገራ በሚባለው በማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ያ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራውም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ሠርታዋለች፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዋዜማ ሮም ላይ አሠርታዋለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ ላይም ተሠርቷል። ስለዚህ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ» ተብሎ በውድ የሚሸጥላችሁ ጠገራ የአያታችሁ እኩያ እንኳ ላይሆን ይችላል። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ በጠርዙም ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ አለው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም የቅልጥ መጋጠሚያ መስመር ካለበት አትንኩት። የድሮ ነጋዴዎች በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር፤ ከዛሬው ገዢ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ።

የቤተሰብ ጠገራ ያላችሁ ግን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አትፈትጉት፤ ለአንገት ጌጥ ብላችሁም አትብሱት። በመዳብ ሳንቲም ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል። አረንጓዴው ዝገት ሲፋቅ ፊደሉም አብሮ ይፋቃል፤ የቀረው ለታሪክም ለገበያም የማይሆን ቁራጭ ነው።

ከመፋቅ የሚብሰው ግን የተገኘበትን ቦታ ማጥፋት ነው። የመን ውስጥ አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማ ወርቅ ጋር በአንድነት ተገኝተዋል። አብረው በመገኘታቸው የትኛው ንጉሥ ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የአክሱም ወርቅም ባሕር ተሻግሮ ምን ያህል ይዘዋወር እንደነበር ለማጥናት ተችሏል። አንድ በአንድ ለመንገደኛ ተሸጠው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። ማረሻ ያወጣችውን አንስቶ ጉድጓዱን በአካፋ ማስፋት፣ ይባስ ብሎም የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ተከራይቶ ማሳ ለማሳ መዞር፣ መጽሐፉን ቀዶ ሽፋኑን እንደ መሸጥ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ፣ በግንባታ ወይም በማናቸውም አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ወዲያው እንዲያስታውቅና አካሉ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቀው ያዛል። ያው አዋጅ ለአስረካቢው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ይላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው «ይወስዱብኛል» የሚለው ወሬ የሚያሸንፈው። ስታስረክቡም በባዶ እጅ አትመለሱ፤ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይፈርምላችሁ፣ ከዚያ በፊትም የሳንቲሙን ሁለት ገጽ ከማስመሪያ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ፎቶ አንሱት።

ለአስጎብኚዎችና ለሾፌሮች አንድ ቃል። እንግዳው «የት ልግዛ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣት ወንጀል እንደሆነ ቁርጡን ንገሩት። አውሮፕላን ጣቢያ ሲፈተሽ የሚጠራው የሻጩ ስም ብቻ አይደለም፤ ያገናኘውም ይጠራል። ከውጭ ለበዓል የምትመጡ ወገኖችም «ለማስታወሻ ነው» የሚል ሰበብ እንደማያድናችሁ እወቁ።

የተታለላችሁ ካላችሁ አፍራችሁ ዝም አትበሉ። የሻጩን ስልክ ቁጥር፣ በባንክ የላካችሁ ከሆነ ደረሰኙን፣ የተሰጣችሁን ብረትም ሳታጥቡ ይዛችሁ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡ።