የ302 ቀናት ዝምታ

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምረን ስለ ሰማነው፥ ምክር ይሁን እሮሮ ቆም ብለን ጠይቀን አናውቅም። በዚህ ርእሰ አንቀጽ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው። የማይከሰስ፥ የማይጠየቅ፥ «ጌታዬ፥ ይህስ ነገር አልተስተካከለም» የሚለው ሰው ያጣ ባለሥልጣን ዓመታት ባለፉ ቍጥር ምን እየሆነ ይሄዳል? እኛስ ተምረናል የምንለው በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻችን ምንድን ነው? መልሱን ከሩቅ አገር ፍልስፍና ሳይሆን ከላስታ ታሪክ እንፈልገው።

ላስታን ብዙዎቻችን የምናውቀው በላሊበላ ነው። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ የውጭ እንግዳም ባሕር ተሻግሮ ሊያያቸው ይመጣል። ነገር ግን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጣ ብሎ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ሌላ ላስታ ያያል። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን የገብስ ማሳ፥ በየክረምቱ ወደ ተከዜ የሚታጠብ አፈር፥ በልጉ ቢቀር ወይም ክረምቱ ቶሎ ቢወጣ የዓመት ቀለቡን የሚያጣ ገበሬ ያያል። ከአንደኛው ላስታ ወደ ሁለተኛው በእግር ይደረሳል፤ ሆኖም ለጉብኝት የሚመጣ ታላቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው አንደኛውን ብቻ ነው።

የወሎ አዝመራ አስጊ መሆኑ አስቀድሞ መታየት ጀምሮ ነበር። በኅዳር 1958 ዓ.ም. በወሎ ነገሩ መክፋቱን የሚገልጽ ሪፖርት የአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ይህ ሪፖርት ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ እስኪቀርብ ድረስ 302 ቀናት አለፉ። ቍጥሩን ያገኘነው በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ደረሰው ረኀብ ሰፊ ጥናት ካደረጉት ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሥራ ነው። ከ302 ቀናት በኋላ ከበላይ የመጣው ትእዛዝ ምን ነበር ቢባል፥ የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። ጥቂት እህል እንዲታደል የተፈቀደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቍጥር በችኮላ አትለፈው። በ302 ቀን ውስጥ የደጋ ገብስ ተዘርቶ፥ ታርሞ፥ ታጭዶ፥ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል። «መንገድ ስለሌለ ነው፥ ወሎ ሩቅ ነው» የሚል ቢኖር ደግሞ እንዲህ ብለን እንመልስለታለን። ወሬው የዘገየው በጉራንጉሩና በገደሉ መንገድ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው የዘገየው። ከአንድ ሚኒስቴር እስከ ቤተ መንግሥት ያለው ርቀት በእግር ቢሄዱት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ታዲያ ይህን አጭር መንገድ 302 ቀን ያስረዘመው ምን ነበር?

ያስረዘመው እጅ መንሣት ነው። በዚያ ዘመን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ4ኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፥ ክብራቸውን የማይደፈር፥ ሥልጣናቸውንም የማይገሠሥ አድርጎ ደንግጎ ነበር። በጃንሆይ ፊት የቆመ ሹም ሲወጣ እንኳ ጀርባውን ሳያዞር ወደ ኋላው እየተራመደ ነበር። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ «ሕዝብዎ እየሞተ ነው» ብሎ መናገር ወሬ ማቅረብ ብቻ ሳይሆን የተከሳሽነት ያህል ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለክፍል ሹሙ፥ ክፍል ሹሙ ለዲሬክተሩ፥ ዲሬክተሩ ለሚኒስትሩ ሲያስተላልፍ እያንዳንዱ ቃሉን ጥቂት ያለዝበዋል። ከታች «ረኀብ» ተብሎ የተነሣው ነገር መካከል ላይ «የእህል እጥረት» ይሆናል፤ ከላይ ሲደርስ «የዝናብ መዘግየት» ነው። ማንም አልዋሸም፤ እውነቱ ግን በመንገድ ሞተ።

ሀብትም የራሱን ግድግዳ ይሠራል። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደርም ንብረት ያለው እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚያን ጊዜ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት ወደዚሁ ምክር ቤት ነው። የጭሰኞችን ሁኔታ ለማሻሻል የቀረበው ረቂቅ ሕግ ግን ባለመሬቶች በተቀመጡበት አዳራሽ ሲንከባለል ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ። በላስታ እንኳ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ሳይሆን ርስተኛ ነበር፤ ርስቱ ግን ከረኀብ አላዳነውም። የጐደለው መሬት ብቻ አልነበረም፤ ሲጮኽ የመስማት ግዴታ ያለበት ሰው ነው የጐደለው። እህሉ ከጎተራው የማያልቅ ሰው የገበያውን ዋጋ አይጠይቅም፤ ካልነገሩትም አያውቅም፤ እንዳይነግሩት ደግሞ ራሱ አስፈራርቷል።

ከዚህ ትምህርት ተወሰደ ወይ? አልተወሰደም። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት ልደት በታላቅ ድግስ ሲከበር፥ በዚያው ክረምት የወሎ ዝናብ ከዳ። በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከሺህ የሚበልጡ የወሎ ስደተኞች አዲስ አበባ ደርሰው ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳዩ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ኋላ እንዳስረዱት፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህልም ነበረ። ገበሬው የሞተው መግዣ በማጣት ነው። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በታየ ጊዜ ነው። የሟቾቹ ቍጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ለመቍጠር እንኳ የተዘጋጀ ሰው ስላልነበረ ግምቱ ይህን ያህል ይራራቃል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋናቸው አወረደ። እንግዲህ በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን ያን ፊልም ያሳዩት ሰዎች ልክ በ10ኛው ዓመት፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፥ የአብዮቱን በዓልና የኢሠፓን ምሥረታ በሰልፍና በመብራት ሲያከብሩ፥ በኮረም ሜዳ ሕዝብ በረኀብ ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ድግሱ ግን አልታጠፈም። በሚቀጥለው ወር የዓለምን ዓይን ወደ ኮረም የመለሰው እንደ ገና የውጭ ቴሌቪዥን ነው። ዘውዱ ሄዷል፥ «ጃንሆይ» ቀርቶ «ጓድ» ተብሏል፤ እጅ መንሣቱ ግን ባለበት ነበረ። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ንጉሥ ጠባይ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

የዛሬውንም ሳንነካ ብናልፍ ድፍረታችን ለሙታን ብቻ ይሆናል። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልል ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረኀብ መሞታቸውን ገለጸ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለተወካዮች ምክር ቤት በረኀብ የሚሞት ሰው እንደሌለ፥ ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ ሕመም የሞቱ ግን ሊኖሩ እንደሚችሉ ተናገሩ። መንግሥት ምንም አልረዳም አንልም፤ በሐኪም ቋንቋም ሰው የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ስም እንዳለው እናውቃለን። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሟቾች ስም ተጠየቀ፤ በ2016 ዓ.ም. የሞቱ ስም አከራከረ። በሁለቱም ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ፥ «እህሉ መቼ ይደርሳል?» የሚለው፥ ሁለተኛ ሆነ። በዚያ አዳራሽ ተነሥቶ ይህን ደጋግሞ የሚጠይቅ ብዙ ሰው ቢኖር ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን እንደ ነበር እናምናለን።

ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ከዚህ ነቀፋ ንጹሕ አይደለም። በአንድ የክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ ቀበሌው ወደ ላስታ በሄደ ጊዜ፥ ጽሕፈትህ ያምራል ተብሎ ስለ አዝመራው ለበላይ የሚላክ ደብዳቤ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ሽማግሌዎቹ የነገሩትን ጻፈ፤ በልጉ ቀርቷል፥ ለዘር የተቀመጠው ተበልቷል፥ የእርሻ በሬ ለገበያ ወጥቷል፥ ረኀብ ገብቷል ብሎ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው አንብቦ ሲጨርስ፥ «የኔ ልጅ፥ ረኀብ የምትለዋን ቃል አውጣት፤ እኔንም አንተንም ታስጠይቃለች። የዝናብ መዛባት በላት» አለው። ጸሐፊው በሌላ ወረቀት ገለበጠው፤ ቃሏም ወጣች። ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሱም ልጆች የሚበሉት ከዚያው ማሳ ነበር። የፈራው ከበላዩ ያለውን ነው፤ ከበላዩ ያለውም የራሱን የበላይ ይፈራል። ከ302ቱ ቀናት የመጀመሪያዋ ቀን የምትቈጠረው እንግዲህ ከእንዲህ ያለች ሰዓት ጀምሮ ነው። የቈጠራት ብዕር ደግሞ የተማሪ ብዕር ነበር።

«ታዲያ ክብር ይቅር፥ ታላቅና ታናሽ አይኑር ልትሉ ነው ወይ?» የሚሉን መምህራንና ሽማግሌዎች ይኖራሉ። አይደለም። ለታላቅ መነሣት፥ አንቱ ማለት፥ ከወንበር ወርዶ ማስቀመጥ ያደግንበት ወግ ነው፤ አንጥለውም። ነገር ግን አንቱታና ዝምታ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አንቱ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የጥንቶቹ ነገሥታት እንኳ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል፤ የሹም ምስጋና እንደማያዋጣ ስላወቁ በየመስኩ የሚዘፈነውን ለማወቅ ይፈልጉ ነበር። በላሊበላም በቤተ ጊዮርጊስ ደጅ ሚኒስትሩም ገበሬውም ጫማቸውን ያወልቃሉ። በእግዚአብሔር ቤት ደጅ እኩል የሆኑ ሰዎች ስለ እህልና ስለ ውሃ ሲነጋገሩ አንዱ ተናጋሪ፥ ሌላው አጨብጫቢ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

የምንነቅፈው ባለሥልጣን ደንቆሮ ሆኖ አልተወለደም። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ጥሬ ቈርጥመው፥ በባዶ እግር ተጕዘው የተማሩ ናቸው። ደንቆሮ ያደረጋቸው የዓመታት ጭብጨባ፥ ጥቁር መስተዋት ያለው መኪና፥ የተለቀመ ሪፖርትና ባዶ የማይሆን ገበታ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» እያልን ያስተማርናቸውም እኛው ነን። ነገ በዚያ ወንበር የሚቀመጡት ደግሞ ዛሬ በዚህ ግቢ ከእኛ ጋር የሚሰለፉት ናቸው። ዛሬ ቃል የሚያወጣ ተማሪ ነገ ቃል የሚያስወጣ ሹም ይሆናል።

ስለዚህ ለአንድነቱ አባሎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ወደ ግቢያችን ባለሥልጣን ሲጋበዝ ከንግግሩ ያላነሰ ጊዜ ለጥያቄ እንዲሰጥ አንድነቱ አስቀድሞ ይስማማ፤ ጥያቄም አስቀድሞ ተጽፎ፥ ተጣርቶ አይቅረብ። ሁለተኛ፥ ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ያየነውን ቀኑን፥ ቀበሌውን፥ የእህሉን ዋጋ፥ የተሸጠውን በሬና የተዘጋውን ትምህርት ቤት በቍጥር እንጻፍ፤ ረኀብ ካየንም ረኀብ ብለን እንጻፍ፤ ስንመለስ በዚህች የማባዣ ወረቀት ይውጣ። ሦስተኛ፥ መምህሮቻችንን በአክብሮት እንለምናለን። በ1965 ዓ.ም. ካሜራ ይዘው ወሎ የወረዱት መምህራን ከዚህ ሙያ የወጡ ናቸው። እናንተም ምሩን፤ እኛ ዕቃ እንሸከማለን።

ይህን የምናደርገው ማንንም ለማዋረድ አይደለም። ከገበሬው ደጅ እስከ ሹሙ ወንበር ያለው መንገድ ሁለተኛ 302 ቀን እንዳይፈጅ ነው። ያቺን ከደብዳቤው ያወጣናትን ቃል ዛሬ እዚህ መልሰን ጽፈናታል።