የዘር ሐረግ ወይስ የተገዛ ድርሰት?

የእንግሊዝ መሳፍንትና ባላባቶች የዘር ሐረግ ንጹሕ የታሪክ ማስረጃ ነው የሚሉ ምሁራን ዛሬም አልጠፉም። ከንቱ እምነት ነው! የስፔንሰር ቤተሰብ ምሳሌ ብቻ ይበቃል።

ስፔንሰሮች የከበሩት በግ አርብተው ነው፤ ይህም የሚያሳፍር ሥራ አልነበረም። ዳሩ ግን ሀብት ሲገኝ አያት መፈለግ ግድ ሆነ። በ1595 (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ሊ የተባለው የዘውዱ የዓርማ ሹም፣ በግ አርቢዎቹን ከመካከለኛው ዘመን ኃያላን ከዲስፔንሰሮች የሚያዋልድ ሐረግ አበጀላቸው። ከ1826 ጀምሮ የታተመው የበርክ የመሳፍንት መዝገብም እንዲህ ያለውን ተረት በወርቅ ቀለም እንደ ተጻፈ እውነት ሲያስተጋባ ኖረ። በ1901 ሐሰቱን በሰነድ ያጋለጠው ሆራስ ራውንድ ነው፤ እሱም አብዮተኛ ሳይሆን የለየለት ወግ አጥባቂ ነበር!

ሐረጉ የሸፈነው ግን የበጎቹን ሽታ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ በ1506 የገዛው የዎርምሌይተን መሬት፣ ቀደም ሲል በ1490ዎቹ ገበሬዎች ተፈናቅለውበት ለበግ ግጦሽ የታጠረ ነበር። የእነዚያን ገበሬዎች ትውልድ የቆጠረ የዓርማ ሹም የለም። ተራው ሰው ሲጠመቅ፣ ሲያገባና ሲቀበር የሚመዘገብበት የሰበካ መዝገብ እንኳ በእንግሊዝ የታዘዘው በ1538 ነው፤ እነሱ ከተበተኑ ከአርባ ዓመት በኋላ።