ዘፈን አልከራይም

በቅርቡ አዲስ አበባ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ ሲም ካርድ ሊቀይርልኝ ስልኬን ከፈተና ሚሞሪ ካርዱን አይቶ በሳቅ ፍርስ አለ። «አንተ አሁንም በሚሞሪ ነው እንዴ ዘፈን የምትሰማው? በወር የጥቂት ማኪያቶ ሒሳብ ከፍለህ የዓለምን ዘፈን ኪስህ ውስጥ መክተት ስትችል!»

ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። ጥሩ መልስ ሁሌም የሚመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። መልሴ ይኸው፦ የዓለም ዘፈን ኪስህ ውስጥ አልገባም። ኪስህ ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ቤት ቁልፍ ነው፤ ያውም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የሚቀይረው ቁልፍ። እኔ ቤት መከራየቴ አንሶኝ ዘፈን አልከራይም።

ይህ እንደ ሽማግሌ ወግ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም አንድ ሰሞን ተከራይ ነበርኩ፤ ሐሳቤን ያስቀየረኝ መሐል ሜዳ ነው።

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ጓሳ አፍንጫ ሥር፤ ብርዱ ማታ ማታ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እኔ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ወርሃዊ ክፍያዬን ከፍያለሁ፣ ወደ ሦስት መቶ የሚሆኑ ዘፈኖች ስልኬ ላይ አውርጃለሁ። «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ብሎኝ የለ መተግበሪያው!

ሠራም። አንድ ወር ገደማ ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስከፍተው «ለመቀጠል ኢንተርኔት ያገናኙ» አለኝ። የቱን ኢንተርኔት? ዘፈኖቹ ስልኬ ላይ አሉ። ቦታ ይዘዋል፤ ስንት ጊጋባይት እንደሆኑም ይታየኛል። ግን አይከፈቱም። እህሉ በገዛ ጎተራዬ ውስጥ ሆኖ የጎተራው ቁልፍ ባሕር ማዶ ነው።

በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ፣ በግ ነጋዴ ነው፣ ባለ ቁልፍ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ እያዘፈነ በደጃችን ያልፍ ነበር። መቶ ምናምን ብር የማታወጣ ሚሞሪ። ማንንም አላስፈቀደም። እኔ ትልቅ ስልክ ይዤ ዝም፤ እሱ ትንሽ ስልክ ይዞ ሙሉ ኦርኬስትራ።

«በዚያ ቀውጢ ጊዜ ያስጨነቀህ ዘፈን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሰው የሚያስጨንቀው ሌላ ብዙ ነገር ነበረው። ግን ዘፈን ለደህና ቀን ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። ሰው በቤቱ ተከቶ፣ ዘመድ ደህና ይሁን አይሁን ሳያውቅ ሲያመሽ፣ አንድ የሚያውቀው ድምፅ ሊያስፈልገው ይችላል። ኪራይ የተቋረጠብኝ ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። ኢንተርኔቱ በብዙ ቦታ ለወራት አልተመለሰም።

የሆነብኝ ነገር ብልሽት አልነበረም። ሥራው እንደዚያ ነው። በኪራይ የምትሰማው ዘፈን ስልክህ ላይ ሲወርድ ተቆልፎ ነው የሚወርደው፤ መክፈቻው በየጊዜው ከኩባንያው መታደስ አለበት። ስፖቲፋይን ብትወስዱ ያወረዳችሁትን ለማቆየት ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ መግባት አለባችሁ። ይህ ሕግ የተጻፈው ኢንተርኔት እንደ አየር በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው ነው። ለጊሼ ራቤል፣ ለሞላሌ፣ ለዓለም ከተማ ሰው የተጻፈ አይደለም።

እሺ፣ ኢንተርኔቱ ሁሌም አለ እንበል። ገንዘቡስ? የውጭዎቹ መተግበሪያዎች ዋጋቸው መነሻው ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የአባቴ የካሴት ሳጥን በዚያ ወር አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። አባቴ ከደብረ ብርሃን የገዛቸው ካሴቶች አንዴ ተከፍሎባቸዋል፤ አለቀ። ተከራይ ግን ሁሌም አዲስ ነው። አሥር ዓመት ከፍለህ አንድ ወር ብታቋርጥ፣ አሥር ዓመት ሙሉ እንዳልከፈለ ሰው ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

የመንዝ ሰው ይህን ልዩነት ለማወቅ ስልክ አላስፈለገውም። «ርስት» የሚለው ቃል አለው። ርስት ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ፣ ልጅ ነኝ ያለ ሁሉ ቆጥሮ የሚካፈለው መሬት ነበር። ጭሰኛ ደግሞ በሰው መሬት ላይ ያለ ሰው ነው፤ ቢያለማውም፣ ቢወልድበትም፣ ውጣ ሲባል ይወጣል። እኛ «መሬት ላራሹ» ብሎ የጮኸ ትውልድ ልጆች፣ በገዛ ዘፈናችን ላይ ወደን ጭሰኛ ስንሆን አይገርምም?

የኛ ሙዚቃ ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ነበሩ፤ ምንጃር ዛሬ እንደ መንዝ ሁሉ ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የመኪና ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ተልከው እዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ያ ድምፅ ዛሬ ድረስ ይሰማል። ንጉሥ ወርዶ ንጉሥ ነግሦ፣ ጣሊያን ገብቶ ወጥቶ፣ አብዮት መጥቶ ሄዶ፣ ሸክላው ሰው እጅ ላይ ስለነበረ ተረፈ። በየወሩ ክፍያ የሚታደስ ሸክላ ቢሆን ኖሮ እስከ አድዋ ሃያኛ ዓመት እንኳ አይደርስም ነበር።

ከዚህ የቀረበም አለ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን አልበም በካሴት አወጣ። ዘመኑ አለፈ፤ እሱም ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ ገዛው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመለት። ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ይህን የሠራችው አንዲት ካሴት ናት፤ አንድ ሰው ያልጣላት ካሴት።

አንድ በር ብቻ ያለው ሙዚቃ በረኛው እጅ ላይ ነው። ይህንንም በንጉሡ ዘመን አይተነዋል፤ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ግድ የለም ብሎ የራሱን ሸክላ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ፣ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን ከምንኮራበት ብዙው አይኖርም ነበር። ያን በር የሰበርንለት ሙዚቃ ዛሬ መልሶ ሁለት ሦስት በር ውስጥ ሲገባ «ዘመናዊነት» ይባላል።

አሁን ወደሚያመኝ ቦታ ልምጣ። ጓደኛዬ ስቆ ሲያበቃ አንድ ነገር አለኝ፤ መልሱም ቀላል አልነበረም። «እሺ፣ ሚሞሪህ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ስንት ገዛሃቸው?»

አልገዛኋቸውም። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ሚሞሪ ይዘህ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ትገባለህ፤ ጥቂት ብር ትሰጣለህ፤ ልጁ አንድ ሙሉ ፎልደር ይገለብጥልሃል። ከዚያ ብር ዘፋኙ ቤሳ ቤስቲን አይደርሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሱቁ ግን አዋጁን የሰማው አይመስልም። ይህ ሌብነት ነው። «ድሃ ነን» ብዬ ላሳምረው አልፈልግም። ክራር ሲገርፍ፣ ግጥም ሲጽፍ፣ ስቱዲዮ ሲከፍል የከረመ ሰው ላብ ነው።

ስለዚህ እነ አውታር ሲመጡ ደስ ብሎኝ ነበር። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ፣ ሙዚቀኞች ራሳቸው ተሰባስበው «ዘፈናችንን እንሽጥ» ብለው የከፈቱት በር ነው። ሰዋስውም ከዚያ ወዲህ መጣ። ሐሳቡን አከብራለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የከፈልኩበትን ዘፈን ከመተግበሪያችሁ ውጭ፣ በማናቸውም ስልክና ስፒከር፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ዕድሜ ልኬን ልሰማው እችላለሁ? የማልችል ከሆነ የከፈልኩት ግዢ አይደለም።

ኪራዩ ዘፋኙን ያኖረዋል የሚሉኝም አሉ። የትኛውን ዘፋኝ? ትልልቆቹ የውጭ አገልግሎቶች ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት ከሁሉም ተከራይ የተሰበሰበውን አንድ ላይ አድርገው፣ በተደመጠው ብዛት ነው። አንተ ወሩን ሙሉ አንድ የመንዝ ማሲንቆ ተጫዋች ብቻ ብትሰማም የከፈልከው ብር በቀጥታ እሱ ጋ አይሄድም፤ ዓለም አብዝቶ የሰማው ጋ ያጋድላል። ስፖቲፋይማ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ጭራሽ አይከፍልም። መርሐቤቴ ሠርግ ላይ ሰው ያስነባ አዝማሪ 1000 ከየት ያመጣል? እሱ ቁጥሩን እስኪሞላ ድረስ የዘፈነው ለኩባንያው በነጻ ነው።

ይህም ቢሆን ዘፈኑ እዚያ ከገባ ነው። የኛ አብዛኛው ድምፅ እዚያ የለም። ሚሞሪዬ ላይ የአራት ደቂቃ ቅጂ አለችኝ። አያቴ እሳት ዳር ቁጭ ብላ የበግ ጠጉር እየፈተለች ታንጎራጉራለች። መሐል ላይ ዶሮ ይገባል፤ «ኧረ አባሩልኝ» ትላለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አያቴ አሁን የለችም። ያችን ቅጂ የትኛውም መተግበሪያ ላይ ብትፈልጉ አታገኟትም። ኪራይ የለመደ ሰው ዘፈን ማለት ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ይመስለዋል፤ ማስቀመጥ ይረሳል። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የማያስቀምጥ ትውልድ የሌላውን ዘፈን ሲከራይ የራሱን ያጠፋል።

የራስ ማድረግ ዋስትና ነው አላልኩም። ከአባቴ ካሴቶች ግማሾቹን እርጥበት በልቷቸዋል፤ ሁለቱን ቴፑ አኝኮ ተፍቷቸዋል። ፍላሽ ይሞታል፣ ሚሞሪ ይበላሻል። ግን ኩባንያም ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይስፔስ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሰዎች የጫኑበትን ወደ 50 ሚሊዮን ዘፈን አጠፋሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን ሰዎች የገዙትን መጽሐፍ ከገዛ መሣሪያቸው ላይ ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የኔን ካሴት ያጠፋው የኔ ስንፍና ነው፤ ስንፍናዬን ደግሞ ማረም እችላለሁ። አሁን የአያቴ ድምፅ ሦስት ቦታ አለ፦ ስልኬ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ እህቴ ኮምፒውተር ላይ።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ከመንዝ ራቅ ብዬ አልሄድም። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው በጋራ ባለቤትነት ነው። ለዓመታት ይከለከላል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ ያለ ጊዜው ያጨደ ይቀጣል። የሁሉም ነው፤ ግን ሕግ አለው። የዘፈን ነገርም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ዘፋኞች ሆይ፣ ያንን ሚሞሪ የሚጭን ልጅ ከማሳደድ ወኪላችሁ አድርጉት። ሱቁ መሐል ሜዳ አለ፣ ሞላሌ አለ፣ ዓለም ከተማ አለ፤ እናንተ ያልደረሳችሁበት ቦታ እሱ ደርሷል። አልበማችሁን በፋይል ስጡት፣ ዋጋ ቁረጡ፣ ድርሻችሁን በቴሌብር ይላክላችሁ። እኛም አንዴ እንክፈል፣ ዘፈኑም የኛ ይሁን።

አንተም ወዳጄ ኪራዩን ጨርሰህ ተው አልልህም። እንደ ሬዲዮ ተጠቀምበት፤ አዲስ ነገር ስማበት፣ ምረጥበት። ግን በሠርግህ ቀን እንዲዘፈን የምትፈልገውን፣ እናትህ ቡና ስታፈላ የምታንጎራጉረውን፣ ከአገር ብትወጣ ይዘኸው የምትወጣውን ዘፈን ለኩባንያ አደራ አትስጥ። ግዛው፣ ቅዳው፣ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጠው።

ለጓደኛዬም ያኔ ታክሲ ውስጥ የመጣልኝን መልስ በስልክ ላክሁለት። እስካሁን አላነበበውም፤ ዳታው አልቋል መሰለኝ።