ስለ ወረቀት ሕንፃ

ወረቀት ቈርጦና አጥፎ ቤት ማቆም የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ማሳሂሮ ቻታኒ የተባሉት የጃፓን የሕንፃ መምህር በ1981 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ይህን ጥበብ ጀምረው፥ አንድ ነጠላ ወረቀት ያለ ሙጫ፥ በምላጭና በማስመሪያ ብቻ ተሠርቶ ሲከፈት ደጅና ደረጃ ሆኖ እንዲነሣ አደረጉ።

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ወጣቶች በዕረፍት ጊዜያቸው ቢሞክሩት ትልቁ ጥቅም ወረቀቱ አይደለም፤ ከመቍረጥ አስቀድሞ መለካት ግድ መሆኑ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በደብረ ብርሃን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬ በዜና መዋዕላቸው እንጂ በዓይን አይታይም። በአንኮበርም ከዳግማዊ ምኒልክ ግቢ የቀረው የግንብ ቍራጭ ነው፤ በኰረብታው ላይ የሚታየው የእንግዳ ማረፊያ የቀድሞውን መልክ አስመስሎ በኋላ የተሠራ ነው። ከፈረሰ ግንብ ደግሞ ቁመቱን መጠየቅ አይቻልም።

ጀማሪ ግን ከክብ ቤተ ክርስቲያን ባይነሣ ይሻለዋል። ቀጥ ያለ ግድግዳ በጥቂት እጥፋት ይቆማል፤ ክቡ በብዙ ቀጫጭን ቍራጭ ካልተከፋፈለ አይዞርም፤ የሚታጠፈውን መስመር በስሕተት የቈረጠም ጕልላቱ በእጁ ይቀራል። መቅደሱ ሳይነካ የውጭው ዙሪያና ቅኔ ማሕሌቱ ለዚህ ስለሚበቃ፥ የደብር አለቆች ተማሪዎችን በገመድ ቢያስለኩ፥ የወረዳ ሹማምንትም ልኩን በመዝገብ ቢያስቀምጡ መልካም ነው።