ሰባት ቤት ያልተቆጠረለት ውሻ

«ንጹህ ጀርመን ነው። አባቱም እናቱም ጀርመን ናቸው።»

አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ የሚሸጥ ሰው፣ መንገድ ዳር ታቅፎም ይሁን በቴሌግራም ፎቶ ለጥፎ፣ ከዚህ የተለየ ማስታወቂያ እምብዛም የለውም። ገዢውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ጆሮው ይቆማል ወይ? እግሩ ወፍራም ነው ወይ? ክልስ ነው ወይስ ንጹህ? የእናቲቱ ዳሌ ደህና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። «ንጹህ» የሚለው ቃል ሁሉንም ጥያቄ የመለሰ ይመስላል።

የፈረንጆቹ የራሳቸው የውሻ እርባታ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ንጽህና ያለ ጥንቃቄ ሲያዝ ራሱ የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

ዳልሜሽያን የሚባለውን፣ ነጭ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበትንና በዲዝኒ ፊልም ዓለም ያወቀውን ውሻ ማየት ይበቃል። አርቢዎች ለብዙ ትውልድ መልኩን እየመረጡ ሲያራቡት አንድ የተበላሸ ዘረ መል አብሮ ገብቶ መላውን ዝርያ ሞላው። ሌላው ውሻ ዩሪክ አሲድን ሰባብሮ ሲያስወግድ ዳልሜሽያን እንዳለ በሽንቱ ይለቀዋል። በአንዳንዶቹ ፊኛ ውስጥ ይህ ጠጠር ይሠራል፤ ጠጠሩ የወንዱን ጠባብ የሽንት ቧንቧ ሲዘጋው ነገሩ የሞት ሽረት ነው። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ዝርያው ውስጥ ጤነኛ ዘረ መል የያዘ አንድም ውሻ አለመቅረቱ ነበር። የቱም አርቢ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ዳልሜሽያንን ከዳልሜሽያን እያጣመረ ሊያድነው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሻይብል የተባሉ አሜሪካዊ የዘረ መል ተመራማሪ ቀላል መላ ዘየዱ። አንዲት ዳልሜሽያን ፖይንተር ከሚባል የአደን ውሻ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ አጣመሩ። ከዚያ ጤነኛውን ዘረ መል የወረሱትን ልጆች እየመረጡ በየትውልዱ ወደ ዳልሜሽያን መለሷቸው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የተወለዱት በመልክ ከሌላው የማይለዩ፣ ሽንታቸው ግን ጤነኛ የሆነ ዳልሜሽያኖች ሆኑ። በ1981 የአሜሪካ ኬነል ክለብ ሁለቱን መዘገበ። ወዲያው የዝርያው ማኅበር አባላት «ደማችን ተበረዘ» ብለው ተነሡ፤ መዝገቡም ተዘጋባቸው። እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። መድኃኒቱ በእጅ እያለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽተኛው ንጹህ፣ ጤነኛው ክልስ ተብሎ ተቆጠረ።

ይህን ነገር ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም። በብዙ አካባቢ ሰው ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ይቆጥራል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የአያት ቅድመ አያት ስም እየጠሩ ይመረምራሉ። የተዘጋ የውሻ መዝገብ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ የሚመዘገበው አባቱም እናቱም ቀድሞ መዝገብ ውስጥ የነበሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ አዲስ ደም አይገባም። በዚህ ላይ በውድድር ዋንጫ የበላ አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ይጣመራል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ መዝገቡ ውስጥ ያለው ሁሉ የአክስትና የአጎት ልጅ ነው።

እንግሊዞች ይህን በአደባባይ የተነጋገሩበት በነሐሴ 2008 ቢቢሲ በዚሁ ጉዳይ ላይ ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። ካቫሊየር የሚባለው ትንሽ ውሻ አንጎሉ ከራስ ቅሉ እየገፋ ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳና ሲያቃጥለው የታየው በዚያ ፊልም ነበር። ቢቢሲ ክራፍትስ የተባለውን ታላቅ የውሻ ትርኢት ማስተላለፉን አቆመ። የብሪታንያው ኬነል ክለብም በ2009 ከአባትና ልጅ፣ ከእናትና ልጅ፣ ከወንድምና እህት የሚወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ ተወ። እስከዚያ ድረስ ይመዘግብ ነበር ማለት ነው! በ2012 ደግሞ በክራፍትስ ጤናቸው በሚያሰጋ 15 ዝርያዎች አንደኛ የወጡትን የእንስሳት ሐኪም እንዲያያቸው ተደረገ፤ ስድስቱ ወደቁ። ከወደቁት አንዱ ቡልዶግ ነው። በ2010 የወጣ የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው የዚህ ዝርያ ቡችሎች ከ80 በመቶ በላይ የሚወለዱት በኦፕራሲዮን ነው። ሰው ትልቅ ጭንቅላትና ጠባብ ዳሌ መርጦ፣ እናቲቱ በራሷ እንዳትወልድ አድርጓታል።

አዲስ አበባን ይበልጥ የሚመለከተው ግን «ጀርመን» የሚባለው ነው። ይህን ዝርያ በ1899 የመሠረቱት ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባሉ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ናቸው። በመዝገባቸው ቁጥር አንድ ሆኖ የገባው ሆራንድ የተባለ የበግ ጠባቂ ውሻ ነበር። ሰውየው የፈለጉት የሚሠራ ውሻ ነው፤ መልክ ለእሳቸው ሁለተኛ ነገር ነበር። በኋላ የውድድር ሜዳው ጀርባው ወደ ኋላ የተንሸራተተ ውሻ ወደደ። በ2016 ክራፍትስ ላይ በዝርያዋ ያሸነፈችው ውሻ ስትራመድ በቴሌቪዥን የታየው አካሄድ ሕዝቡን አስቆጥቷል። የዳሌ መጋጠሚያ አለመገጣጠም የዚህ ዝርያ የታወቀ በሽታ ነው። ሲፀና ውሻው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ከተኛበት ለመነሣት ያቃስታል።

ለዚህም ነው የጀርመኑ ማኅበር ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዳሌ ራጅ ያስገባው። በማኅበሩ ደንብ ለእርባታ የሚቀርብ ውሻ ዳሌው በራጅ ይታያል፤ ጠባዩና የሥራ ችሎታውም ይፈተናል። እንግዲህ «አባቱም እናቱም ጀርመን ናቸው» የሚለው ቃል ጀርመን አገር ራሱ በቂ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ገዢው ቃሉን የሚያረጋግጥ መዝገብ እንኳ እምብዛም አያይም። ማን ከማን እንደተወለደ ሳይጻፍ ሲቀር፣ ከውጭ የገባ አንድ የታወቀ ወንድ ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር ቢጣመር ማን ያውቃል? ገዢው ብዙ ሺህ ብር የሚከፍለው ለአንድ ቃል ነው።

«ሰው በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ የውሻ ዳሌ ይወራል ወይ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ጥያቄው መልስ አለው። በዓመቱ ማንከስ የጀመረ ወይም የፈራውን ሁሉ የሚነክስ ውድ ውሻ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ከግቢ መባረር ነው። የተባረረው ውሻ ከጎዳና ውሾች ጋር ይቀላቀላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፣ ከተነከሱትም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። የአርቢው ግዴለሽነት ዋጋውን የሚያስከፍለው ውሻ ገዝቶ የማያውቀውን የጎረቤት ልጅ ጭምር ነው።

ኃላፊነት ያለበት አርቢ የተራቀቀ ሰው መሆን የለበትም። ሴቷን በደረሰች ቁጥር አያስወልዳትም፤ እንድታገግም ጊዜ ይሰጣታል። የሚያጣምራቸውን ውሾች ቢያንስ እስከ አያት ቅድመ አያት ያውቃል፣ በደብተርም ይጽፋል። ዳሌያቸውን በራጅ ያሳያል። ተናካሽ ወይም ድንጉጥ የሆነችውን፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ አያራባትም። ቡችላውን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይነጥልም፣ ክትባቱን የጀመረበትን ካርድም አብሮ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ያልተሳካውን ውሻ መልሶ ይቀበላል። ለአንድ ጊዜ ብር ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን የመጨረሻውን አያደርገውም፤ ልዩነቱም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ «የሐበሻ ውሻ» ተብሎ በንቀት የሚታለፈው መዝገብም ዋንጫም አያውቅም፤ ግን የደሙ ስፋት ብዙ ንጹህ ዝርያዎች ያጡት ሀብት ነው። ግቢ ለመጠበቅ ብቻ ውሻ የሚፈልግ ሰው ከሱ የተሻለ የሚያገኝበት ምክንያት ብዙም የለም።

ጀርመን ካልሆነ የሚል ገዢም ቢሆን አቅም አለው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ደላላ ቡችላ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል፤ አርቢው ራሱ ቡችላውን በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ማሳየት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህን ለመጠየቅ የሕግ አንቀጽ መጠበቅ አያስፈልግም። «እናቱን ላያት» ሲባል ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ ቡችላውን እንደያዘ ይቅር።